ጋፋት፦ መድፉን አስታውሰን የረሳናት መንደር

ቸርችል ጎዳናን ሽቅብም ሆነ ቁልቁል የተመላለሰ አዲስ አበቤ ሁሉ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የተቀመጠውን መድፍ ያውቀዋል። ስሙም ከአፋችን አይጠፋም፤ ሴባስቶፖል። ትንሽ ታሪክ የቀመሰ ሰው ደግሞ አደባባዩ ላይ ያለው ቅጂ መሆኑን፣ ዋናው ግን እዚያው መቅደላ አምባ ላይ መቅረቱን ይነግራችኋል። ከዚህ አልፋችሁ «የሠሩት ሰዎች ሙያውን የት ሆነው ለመዱት? ሙያውስ የት ገባ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ወሬው ይቀዘቅዛል። «ጋፋት» የሚል መልስ ቢመጣ እንኳ ጋፋት ምን እንደነበረች የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የዛሬው ወጋችን ስለዚህች መንደር ነው። ዘመኑን የምቆጥረው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

አንድ ስም፣ ሁለት ጋፋት

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብላ የምትገኝ ኮረብታማ ገጠር ናት። ደብረ ታቦር ራሷ ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ በዘመነ መሳፍንት የየጁዎቹ መናገሻ ነበረች፣ ኋላም አፄ ቴዎድሮስ ከዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ አደረጓት። ጋፋትን ወደ ታሪክ መዝገብ የጎተታትም ይኸው የቤተ መንግሥት ጉርብትናዋ ነው።

ስሟን የምትጋራው ሕዝብ አለ። ጋፋት የሚባለው ሕዝብ በዓባይ ግራና ቀኝ ይኖር የነበረ፣ ከአማርኛ ጋር የሚዛመድ የራሱ ሴማዊ ቋንቋ የነበረው ሕዝብ ነው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ቋንቋውን ፍለጋ ጎጃም በወረደ ጊዜ የሚናገሩት ሆነው ያገኛቸው አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ የጋፋትኛ ተናጋሪ የለም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ቋንቋ አንድ ቀን በድንገት አይሞትም፤ አባት ለልጁ ማውረሱን ሲተው ነው የሚሞተው። ሙያም እንደዚያው ነው። የደብረ ታቦሯ ጋፋት ታሪክ የጠመንጃና የመድፍ ታሪክ ብቻ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ሲፈተሽ የማውረስ ታሪክ ነው፤ ወይም የአለማውረስ።

ደባርቂ ላይ የተቋጠረ ቂም

ነገሩ የሚጀምረው ከጋፋት ርቆ ነው። በ1840 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ከሚባል ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። በወቅቱ ሱዳንን የያዘችው ግብፅ ነበረች። የካሣ ተዋጊዎች ድፍረት አላነሳቸውም። ግብፆቹ ግን በሥርዓት የሰለጠነ ጦርና መድፍ ነበራቸው። ድፍረት መድፍ ፊት ምን እንደሚሆን ካሣ እዚያ ሜዳ ላይ አዩ፤ ሰዋቸው እንደ ቅጠል ረገፈ።

ያን ዕለት ያዩትን አልረሱትም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ከጠላቶቻቸው ሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው አንድ ስሌት ነበር። የባሕሩ በር ምፅዋ በቱርኮች እጅ ነው፤ በኋላም በ1857 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግብፅ ተላልፏል። መሣሪያ ልግዛ ቢሉ የሚያልፈው በጠላት ደጅ ነው። ጎረቤትህ በሩን በዘጋብህ ቁጥር የምትራብ ከሆነ ደግሞ ምድጃው የራስህ መሆን አለበት።

አንዳንድ ሰዎች የጋፋትን ነገር የአንድ ቁጡ ንጉሥ እብደት አድርገው ያወሩታል። እኔ አይመስለኝም። ስሌቱ ትክክል ነበር። የተበላሸው አፈጻጸሙ ነው።

ወንጌል ይዘው መጥተው መድፍ የሠሩት

በስዊስ አገር ባዝል ከተማ አጠገብ ክሪሾና የሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት አለ። ደቀ መዛሙርቱን ወንጌልም የእጅ ሙያም አስተምሮ ይልክ ነበር። የኢየሩሳሌሙ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ቀድሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ሚሲዮናዊ የነበረ ሰው ነው፤ እነዚህን ባለሙያዎች ወደ አፄ ቴዎድሮስ አገር ማስላክ የጀመረው እሱ ነው። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ማርቲን ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ገቡ፤ በ1851 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ተከተሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ እንግዶቹን ወደዷቸው። ጋፋት ላይ ቦታ ሰጧቸው፤ ቤት ሠሩ፣ የሥራ ቦታ አቆሙ፣ የአካባቢውን ልጆች ሰብስበው ማስተማር ያዙ። ከሚሲዮኑ ውጪ የመጡም ተቀላቀሉ፤ ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ እና ከፖላንድ የመጣው ብረት አቅላጭ ሞሪትዝ ሃል ይገኙበታል። ከቤተ መንግሥቱ ጋርም ጋብቻ ተሳሰሩ። ዋልድማየርና ዛልሙለር ያገቡት የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች ነው፤ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናት። ቤል ራሱ በ1853 ዓ.ም. ከጌታው ጎን ሲዋጋ ወድቋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጋፋት ጀርመንኛም ፈረንሳይኛም አማርኛም የሚሰማባት፣ ክልስ ልጆች የሚሯሯጡባት ልዩ ሰፈር ሆነች።

የመጀመሪያው ሥራቸው መድፍ አልነበረም። መንገድ ነበር። ጋሪ ነበር። የተሰበረ ጠመንጃ መጠገን ነበር። በጥርጊያ መንገዱ ሥራ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ከሰው ጋር ይውሉ እንደነበር የዘመኑ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሳ ቆሞ የሚያይ መኳንንት የለምና ሁሉም ጎንበስ ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ነው ትእዛዙ የመጣው። መድፍና ቦንብ ሥሩልኝ። ሰዎቹ «አንችልም፣ አልተማርንም» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ንጉሡ ግን መልሱን አልተቀበሉትም። አገልጋዮቻቸው ታሰሩ፤ «እንሞክራለን» እስኪሉ ድረስ። ሞከሩም። ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ቀለጠ፣ ፈሰሰ፣ ቅርጽ ያዘ፤ የተተኮሰውም ፈነዳ። የንጉሡ ደስታ ልክ አልነበረውም፤ ሽልማቱ ወርዶ እንደ ዝናብ ነው።

ልብ በሉ። አንድም መድፍ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው በሙከራ የደረሱበት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከዚህች ቀን ጀምሮ የጋፋት ምድጃ የሚነድደው በእንጨትና በከሰል ብቻ አይደለም፤ በፍርሃትም ነው።

ስማቸው ያልተጻፈ

እስካሁን የጠራሁትን ስም ቁጠሩልኝ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቡርጎ፣ ሃል... ሁሉም ፈረንጅ ነው። ለምን? ማስታወሻ የጻፉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል ተብሎ ይገመታል። ይህን ያህል ብረት ለማቅለጥ ስንት ሸክም ከሰል እንደሚያስፈልግ አስቡ። ዛፉን የቆረጠ፣ ከሰሉን ያከሰለ፣ ወናፉን የነፋ፣ ጭቃውን የረገጠ፣ ቅርጹን የቆፈረ ሰው አለ። በጣት የሚቆጠሩ አውሮፓውያን ይህን ብቻቸውን አልሠሩትም። የሠሩት የጋፋትና የደብረ ታቦር ዙሪያ ሰዎች ናቸው። የአንዳቸውም ስም ወደኛ አልደረሰም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ደስ የማይል ነገር። በዚያ አገር ብረት ቀጥቃጩ ማን ነበር? ጠይብ ይባላል። ማረሻውን የሚሠራልህ፣ ጦርህን የሚስልልህ እሱ ነው፤ አንተ ግን ልጅህን አትድርለትም፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ትላለህ፣ ቡዳ ነው ብለህ ትሸሸዋለህ። ሸክላ የምትሠራዋም፣ ሸማኔውም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። ብረት ማቅለጥ የሚያውቀውን የገዛ ወገኑን የሚንቅ አገር ብረት አቅላጭ ከአውሮፓ ይለምን ነበር ማለት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሙያን በማክበር ዘመናቸውን ቀድመዋል። ሕዝቡ ግን አልተከተላቸውም። ከ40 ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ባለ ሙያን የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው። በሽታው ባይኖር መድኃኒቱ አይታዘዝም ነበር።

እንግዲህ የጋፋት ወጣት ወናፍ እየነፋ ሙያውን በዓይኑ ቢቀስም እንኳ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ክብር ምን ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ደብዳቤውና ሰንሰለቱ

የቀረውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ባጭሩ ልበለው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነት ፈልገው፣ በቱርክ ላይ አጋር ፈልገው። መልስ አልመጣም። በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። ሊያስፈታው የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክም በ1858 ዓ.ም. ደርሰው ከጥቂት ጊዜ ክብር በኋላ እነሱም ታሰሩ። በዚያ ክረምት መግቢያ በሽታ ሠፈሩን ሲያስጨንቅ ጥቂት ቀን የተቀመጡትም እዚችው ጋፋት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ይኸውላችሁ። በዚያው በ1858 ዓ.ም. ሚያዝያ ንጉሡ ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ አድርገው። ምን ብለው ላኩት መሰላችሁ? ወርቅ አይደለም፣ ጦርም አይደለም። ባለሙያ ላኩልኝ፤ መሣሪያ የሚሠራ፣ ብረት የሚያቀልጥ። እንግሊዞችም ባለሙያዎችን ቀጠሩ፤ ሰዎቹ ከነመሣሪያቸው ምፅዋ ድረስ መጡ። ሁኔታው ግን «መጀመሪያ እስረኞቹን ልቀቁ» የሚል ነበር። ንጉሡ ደግሞ መጀመሪያ ባለሙያዎቹን ማየት ፈለጉ። ማንም ማንንም አላመነም። ባለሙያዎቹ ምፅዋ ላይ ጠብቀው ጠብቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከጋፋት ምድጃ ጋር ሊገናኙ የነበሩ እጆች ከባሕር ዳርቻው አላለፉም።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። አገሩ ሸፈተ። በዚያው ዓመት ፍላድ ባዶ እጁን ሲመለስ የጋፋት አውሮፓውያንም ከመንደራቸው ተነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ፤ ሥራው ቀጠለ፣ ግን ከእንግዲህ የሚሠሩት እንደ እስረኛ ነው። የጋፋት የመንደርነት ዕድሜ፣ ያ ትምህርት ቤትና ያ የተቀላቀለ ሰፈር፣ እዚህ ላይ አበቃ። ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላም።

ስድስት ወር የተጎተተ ሕልም

ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው በክሪሚያ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከብበው መድፍ ባወረዱባት የሩስያ ከተማ ስም ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መገባደጃ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መድፉ ጋሪ ላይ ተጭኖ በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ ይጎትተዋል። መንገድ የለም፤ እየጠረጉ ነው የሚሄዱት። የጂዳን ገደል ወርደው ወጡ፣ ደላንታን አቋረጡ፣ በሽሎን ወርደው ወጡ። ያን አገር በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ከወታደራዊ ብልሃት ይልቅ የመንገድ ሥራ ተአምር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ከፋላ ተራራ መድፎቹ ተተኮሱ፤ በንጉሡ ስም «ቴዎድሮስ» የተባለው ግዙፍ መድፍ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበራቸው። ወደ 700 የሚደርስ የኢትዮጵያ ወታደር ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ሁለት ሰው ነው። ደባርቂ ላይ የታየው ነገር ከ20 ዓመት በኋላ በከፋ መልኩ ተደገመ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

እሳቱ ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሙያው የት ገባ?

ከእንግሊዝ ጦር ጋር አብሮ ወጣ። የጋፋት ሰዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከናፒየር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ፣ ቆይቶም አስፉሪዬ የሚባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። የብሩማናው ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል። ሞሪትዝ ሃል ያፋ ከተማ ሰፈረ። መቅደላ ላይ የተወለደችው ልጁ ማግዳሌና ኋላ የሁለት ኦስካር ባለቤት የሆነውን እንግሊዛዊ ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭን አባት ወለደች። የሃል ሚስት እናት ኢትዮጵያዊት ነበረችና እስከ ሆሊውድ የደረሰ የእኛ ደም አለ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል፣ ያናድደኛልም። ያ ሁሉ ጉልበት ሌላ አገር ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሲያቆም ጋፋት ላይ ግን የሚቀጥል ምድጃ አልተረፈም። 28 ዓመት ቆይቶ ዓድዋ ላይ የኢትዮጵያ ጦር የተኮሳቸው መድፎች በግዢና በምርኮ የተገኙ እንጂ አገር ውስጥ የቀለጡ አልነበሩም።

«ምን ይደረግ፣ እንግሊዝ አፈረሰችብን» ማለት ይቻላል። ግማሹ እውነት ነው። ግን በዚያው ዘመን ሌላ ቦታ ምን እንደተደረገ እዩ። ጃፓን ውስጥ ሳጋ የሚባል ግዛት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1850 የማቅለጫ ምድጃ መሥራት ጀመሩ። የሚያሳያቸው ፈረንጅ አጠገባቸው አልነበረም፤ የያዙት አንድ የሆላንድ መጽሐፍ ነው። ተረጎሙት፣ ሞከሩ፣ እንደኛው ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ፣ በ1852 መድፍ አወጡ። በእነሱ ዘንድ ዕውቀቱ ወረቀት ላይ ነበር፤ ከወረቀት ወደ ተማሪ ተላለፈ። በእኛ ዘንድ ዕውቀቱ በጥቂት ሰዎች ራስ ውስጥ ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ ሰንሰለት ፈርተው የሚሠሩ ነበሩ። ሰንሰለቱ የተቆረጠ ቀን ዕውቀቱ አብሮ ሄደ። ምን ይጠበቃል?

ለእኔ የጋፋት ትምህርት ይህ ነው። ሰውን አስፈራርተህ አንድ ነገር ልታሠራው ትችላለህ፤ እንዲያስተምርልህ ግን አታደርገውም። ማስተማር ፈቃድ ይጠይቃል። የሚማረው ሰው ደግሞ ክብር ይፈልጋል፤ ነገ «ጠይብ» እያልክ የምትሰድበው ከሆነ ዛሬ ምን ብሎ ይማርልሃል? ጋፋት ላይ ብረትም እሳትም የንጉሥ ፈቃድም ነበሩ። የጎደለው ከአስተማሪው ወደ ተማሪው፣ ከተማሪው ወደ ልጁ የሚያደርሰው ድልድይ ነው።

በእኛ ዘመን የጋፋት ስም ተመልሷል። ጋፋት አርማመንት ተብሎ የተሰየመ የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ ተቋቁሟል። ታሪክ ማስታወሱ መልካም ነው። ሆኖም የምናስታውሰው ግማሿን ጋፋት ነው፤ መድፍ ያወጣችውን። መንገድ የጠረገችው፣ ጋሪ የሠራችው፣ የገበሬ ልጅ ሰብስባ ፊደል ያስቆጠረችው ጋፋት ስም ማን ያስጠራላት? መሣሪያ ይዝጋል፣ ያረጃል፣ ይማረካል። ያቺ ትንሽ ትምህርት ቤት 50 ዓመት ብትቆይ ኖሮ ግን ዛሬ የምናወራው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ላሊበላም ጎንደርም ለመሄድ ባሕር ዳር ከደረሳችሁ አንድ ቀን ጨምሩና ደብረ ታቦር ውጡ። ጋፋት ላይ እንደ ፋሲል ግንብ ፎቶ የምትነሡበት ነገር አትጠብቁ። ኮረብታው አለ፣ እርሻው አለ፣ የዚያ ወናፍ ነፊ የልጅ ልጅ ልጆች ምናልባት በሬ ጠምደው ታገኟቸዋላችሁ። የሚያርሱበትን ማረሻ ማን እንደሠራላቸው ጠይቁልኝ፤ ስሙንም፣ ሰውየው በሰፈሩ እንዴት እንደሚኖርም። የጋፋት ታሪክ ማለቁን ወይም አለማለቁን የምታውቁት ከዚያ መልስ ነው።